ደኑ ሣር ነው

«ጋሼ፣ ደኑ የታል?» አልኩ፣ ከመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ ወጥተን ጓሳ ጥብቅ ስፍራ ስንደርስ። አስጎብኚዬ ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ ሣር ጨበጡ። «ይኸውልህ!»

እውነታቸውን ነው። መንዞች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት የጠበቁት ሣር ነው፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ ጌሳ የሚሆን። ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ቀን ተቆርጦ ሲከፈት ማጭድ ይወጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን መልሶ ይዞታል።

ከ3,200 ሜትር በላይ ነንና እኔ አለከልካለሁ፤ እሳቸው በበረባሶ ይፈጥናሉ። (የከተማ ጫማዬ በጤዛ ርሷል፤ አይነሣ!) ጭላዳ ዝንጀሮዎች ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። አንዱ ጎፈሬ ወንድ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን አሳየኝ።

«ሰላምታ ነው?»

«ወግድ ማለቱ ነው፣ ልጄ።»