ልጅ በየቀኑ ያድጋል

ደመወዝ በወር አንዴ ነው፤ ልጅ ግን በየቀኑ ያድጋል። እኛ ባልና ሚስት መምህራን ነን፤ አራት ልጆች ስናሳድግ ይህን በሚገባ አይተናል።

የትልቁን ልጅ የካኪ ሱሪ ስንሰፋ ለቅምቅማቱ አራት ጣት ያህል እንተርፍለታለን። ሲያጥርበት ፈትተን፣ ዝቅ አድርገን በእጅ መርፌ እንቀመቅመዋለን። ጉልበቱ ሲሳሳ ከውስጥ በኩል እራፊ እንጥፍበታለን። ከዚያ ለታናሹ ይተላለፋል። አልቆ ሲያበቃ ደህናው ጨርቅ የደብተር ከረጢት ይወጣዋል።

መክሰሱም እንዲሁ ነው። በሱቅ ብስኩት ፈንታ ዳቦ ቆሎ እንሠራለን። የስንዴ ዱቄት፣ ጨው፣ ትንሽ በርበሬና ዘይት ጠንከር አድርገን እናቦካለን፤ እንደ ገመድ አሽተን፣ በቢላ ቆራርጠን፣ በለዘብተኛ እሳት ምጣድ ላይ እናምሰዋለን። ደህና ከደረቀ በክዳን ዕቃ ሳምንታት ይቆያል። ቅዳሜ ደግሞ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ ነው፤ እህልና ጥራጥሬ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ዕጩ መምህራን፣ ነገ በምትመደቡበት ት/ቤት ሱሪው አጥሮበት አፍሮ የሚቀር፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ ትምህርቱ አልገባ የሚለው ልጅ ታገኛላችሁ። ታዲያ ያኔ ወላጁን «ግዙለት» ማለት ምን ይፈይዳል? እስቲ ከአሁኑ መርፌና ምጣድ እንልመድና፣ ሠርተን እናሳያቸው።