አየር ሲያጥረን

ባለፈው ክረምት ጉብሬ ላይ ከአገልግሎት ስንመለስ ዝናብ ካቆረው ኩሬ አጠገብ ቆምን። አብሮን የነበረ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ጥቁር የውኃ ጢንዚዛ አሳየን። በኋላ እግሮቹ እየቀዘፈ ይጠልቃል፤ የትንኝ እጭና የእንቁራሪት ግልገል ያድናል፤ አንዳንዱ ዝርያ ትንንሽ ዓሣም ይይዛል።

ጥቂት ቆይቶ ወደ ላይ ወጣ። የሰውነቱን ጫፍ ከውኃው ብቅ አድርጎ ተመልሶ ሰጠመ። ለካ እንደ ዓሣ ውኃ ውስጥ አይተነፍስም፤ ከላይ የወሰደውን አየር በጠንካራ ክንፎቹ ሥር ይዞ ይወርዳል።

«ፓስተር፣ ሲያልቅበት ካልወጣ እኮ ታፍኖ ይሞታል» አለን ልጁ።

ዝም አልን። በዚያ ወር ሦስት ጉባኤ፣ ሁለት ሰርግና አንድ ቀብር አገልግለናል። ስለ ጸሎት ሰብከናል። ለብቻችን የተንበረከክንበትን ቀን ግን ማስታወስ አቃተን። ቤት ስንገባ በትንሹም በትልቁም ልጆቻችንን እንቆጣ ነበር። ድካም መስሎን ነበር፤ ያጠረን ግን አየር ነው።

ጌታችን የከተማው ሰው ሁሉ በደጅ በተሰበሰበ ማግስት፣ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ለብቻው ሊጸልይ ወጣ (ማርቆስ 1፥33-35)። እርሱ እንዲህ ካደረገ እኛ ማን ነን?

ጢንዚዛው ብርቱ አዳኝ ነው፤ ብርታቱ ግን አየር አይሆንለትም። አገልግሎታችንም ጸሎትን አይተካልንም።

እናንተስ ከወረዳችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? ዛሬ ማታ ስልኩን አስቀምጡና ተንበርከኩ። እኛም እንደ አዲስ ጀምረናል።

ጌታ ይባርካችሁ።