ወረንጦና ሰዓት

የእጅ ሰዓት ማሰር ክብር ከሆነ፣ የእጅ ሰዓት መጠገን ስለምን ነውር ይሆናል? ደብረ ወርቅ እቤታችን ቁጭ ብለን የቆመች ሴይኮ 5 ስንፈታ የገጠመን ጥያቄ ይህ ነው።

መሣሪያችን ሁሉ የቤት ነው። የአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ በድንጋይ ስለን ጠመንጃ መፍቻ አደረግነው። እንጨት ላይ የተመቱ ሁለት ምስማሮች የጀርባ ክዳኗን ይከፍታሉ። የሩቢዎቹን ቀዳዳ በሾለ የወይራ ስንጥር እንጠርጋለን፤ የተፈታውን በቤንዚን አጥበን አቧራ እንዳይነካው ብርጭቆ እንደፋበታለን። ዘይት በመርፌ ጫፍ ይበቃል። ከሁሉ የበለጠው መሣሪያ ግን እሾህ የምናወጣበት ወረንጦ ነው፤ ጫፉን በሞረድ አቅጥነነዋል።

ሥራው ጥንቃቄ ይሻል። ዋናው ሞላ ሳይላላ ጥርሶቹን የነካ ሰው ጉድ ይፈላበታል። ሚዛኗ በሰዓት 21,600፣ ማለትም በሰከንድ 6 ጊዜ ትመታለች። ፀጉር የምታህለው ሞላዋ ማግኔት ካገኛት ጥምጥሟ ይጣበቅና ሰዓቷ ትፈጥናለች፤ ስለዚህ ወረንጦው ራዲዮን አይጠጋም። የሚዛኗ ዘንግ ከተሰበረ ደሞ የጃንጥላ ሽቦ አያድናትም፤ ወደ ሰዓት ሠሪ ትሂድ።

እማማ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «ምነው ልጆቼ፣ ተማሩ ብንላችሁ ቀጥቃጭ ሆናችሁ?» አሉን። ሳቅን። ነገሩ ግን የሚሳቅበት አይደለም። ወረንጦውን የሠራው ማን ሆነና? ጎጃም ጤፉን የሚያርስበት ማረሻስ ከማን ወናፍ ወጣ? ሰውየውን ግን «ቡዳ» ብለን፣ ጋብቻ ከልክለን፣ ከማዕድ አርቀን ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ይኸው ከጓዳችን አልወጣም። የሚያሳዝነው ደግሞ እማማ ክፉ ሰው አለመሆናቸው ነው። እንደ ቀልድ ነው ያሉት፤ ስድብም በዕድሜ የሚሰነብተው ቀልድ እየመሰለ ነው።

እንግዲህ ወገኖች፣ የኛዋ ዓይነት ሴይኮ በመሙያ አትሞላም፤ የታሰረችበት እጅ ሲወዛወዝ ትሞላለች፣ እጁን አጣጥፎ ለተቀመጠ ሰው ግን ትቆማለች። የሚሠራን እጅ እየናቀ ሰዓቴ ለምን ቆመ የሚል አገርስ ማንን ይጠይቅ?