የጅብ ጥላ

በአገራችን ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ሲነጋ ከበሰበሰ ግንድና ከእበት ላይ ብቅ የሚለውን ባለ ባርኔጣ ነገር «የጅብ ጥላ» እንለዋለን። በልጅነቴ እናቴን፣ «ጅብ ጥላ ምን ያደርግለታል?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ቀን ቀን የሚሸሸግበት ነዋ!» አለችኝ፤ እጇን ከሊጡ ሳታወጣ። መልሱ ለብዙ ዓመታት በቂዬ ሆኖ ኖረ።

ይህን ጽሑፍ በስሜ አላወጣሁትም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እደርስበታለሁ።

*

ሕመሜ ስም ያገኘው በባዕድ አገር ነው። «ድብርት» የሚለው ቃል ለእኔ የዝናባማ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስም ነበር፤ ሰው ቡና አፍልቶ፣ ጎረቤት ጠርቶ የሚያባርረው። ሐኪሞቻችን «ድባቴ» የሚሉትን ቃል የሰማሁት ዘግይቼ ነው። በ2022 መጀመሪያ፣ በክረምቱ (የፈረንጁን ክረምት ማለቴ ነው፤ በረዶ የሚጋገርበትን) ከዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ፣ ከሌሊት ሥራ ተመልሼ ጫማዬን ለመፍታት አንድ ሰዓት ሙሉ አልጋዬ ጠርዝ ላይ የተቀመጥሁባቸው ጠዋቶች ነበሩ። ሐዘን አይደለም። ሐዘንማ ጌጥ ነው፤ ያዘነ ሰው ያለቅሳል፣ ያንጎራጉራል፣ ቢብስበትም ግጥም ይጽፋል። ይኸኛው ግን የጫማውን ክር አይቶ፣ ክር መሆኑንም ዐውቆ፣ እጅን ወደዚያ የሚልከውን ሰው ከውስጥ ፈልጎ ማጣት ነው።

ሐኪሟ ደግ ሴት ነበረች። ከመጠይቅ ላይ እያነበበች ብዙ ጠየቀችኝ። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ «ከቤተሰብህ መካከል የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው አለ?» የሚል ነበር። «የለም» አልሁ፤ ትንሽም ኮራ ብዬ። አባቴ ኮስታራ ነበር እንጂ ጤነኛ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም በደርግ ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰድዶ በዚያው ቀርቷል፤ እሱን የወሰደው ዘመኑ ነው፣ ሕመም አይደለም። ሐኪሟ አንዲት ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ክኒን አዘዘችልኝ። ክኒኑ ረዳኝ፤ ይህን ሳልሸሽግ ልናገር። ጫማዬን መፍታት ቻልሁ። ነገር ግን ዓለሙን ሁሉ በጋቢ እንደ ሸፈነብኝ ሆኖ ተሰማኝ፤ የእናቴን ሳቅ በስልክ እሰማለሁ፣ ሳቅ መሆኑን ዐውቃለሁ፣ ደስታው ግን ደጅ ቆሞ ይቀራል። ይህን ለሐኪሟ መንገር ሲገባኝ ለማንም ሳልነግር በአንድ ሳምንት ውስጥ ተውሁት። የተከተሉት ቀናት የማዞርና ጭንቅላቴን በኤሌክትሪክ የመነዘር ቀናት ነበሩ። ስንፍና ነበር፤ በወቅቱ ግን ጀግንነት መስሎኝ ነበር።

*

እንጉዳዩን ያስተዋወቀኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ እዚያው ኮሎራዶ ተወልዶ ያደገ፣ ሁሉን ነገር ቀለል አድርጎ የሚያይ ልጅ። ይህ በምግብ ቤት የምናውቀው እንጉዳይ አይደለም። ሲነኩት እንደ ተደበደበ ሰው ገላ ሰማያዊ እየሆነ የሚበልዝ፣ ብዙ ከበሉት የማይታየውን የሚያሳይ ነው። ባልደረባዬ ግን፣ «ማየት አያስፈልግህም። ከሙሉው መጠን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ፤ ምንም አይታይህም፣ ቀኑ ብቻ ይቀልልሃል» አለኝ። ይህን አወሳሰድ በሰፊው ያስተዋወቀው ጄምስ ፋዲማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው በ2011 ባሳተመው መጽሐፍ ነው፤ አንድ ቀን ወስዶ ሁለት ቀን ማረፍ።

እኔ ሰው የመከረኝን ሳላነብ የምቀበል ሰው አይደለሁም፤ አነበብሁ። በሜክሲኮ፣ በኦአሃካ ተራሮች መካከል ሁአውትላ በምትባል ከተማ ዙሪያ የሚኖሩ ማሳቴኮች ይህን እንጉዳይ ለፈውስ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ሌሊት ነው፤ ጧፍ አለ፤ ጸሎት አለ፤ ሕመምተኛውን ከጎኑ ሆኖ የሚመራ ፈዋሽ አለ። ማሪያ ሳቢና የተባለችው ፈዋሽ በ1955 ጎርደን ዋሰን ለተባለ አሜሪካዊ የባንክ ሰው በሯን ከፈተችለት። እሱም በ1957 በላይፍ መጽሔት ላይ ጻፈው፤ ስሟን ቢለውጥም አልተሰወረችም። የዓለም ወጣት ወደ ሁአውትላ ጎረፈ፤ ፖሊስም ተከተለው፤ የአገሯ ሰው ምሥጢራችንን ሸጠች ብሎ ተነሣባት፤ ቤቷ ተቃጠለ። በ1958 የስዊዘርላንዱ ኬሚስት አልበርት ሆፍማን ንጥረ ነገሩን ለይቶ አወጣና ሳይሎሲቢን የሚለውን ስም ሰጠው። ማሪያ ሳቢና በ1985 በድህነት ሞተች።

ይህን ታሪክ ሳነብ የታየኝ የእኛው ጠበል ነው። ሌሊቱ፣ ጧፉ፣ ጸሎቱ፣ ዙሪያውን የከበበው ቤተሰብ። እነሱ ሙሉውን በልተው ሌሊቱን ሙሉ አብረው የሚያድሩበትን ነገር፣ እኛ ፍርፋሪውን ከቡና ጋር ውጠን ወደ ሥራ እንሮጣለን። ብቻችንን። ነገሩ ከነከነኝ፤ ግን አልተውሁትም።

ሕጉስ? የኮሎራዶ ሕዝብ በኅዳር 2022 ድምፅ ሰጥቶ፣ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ይህን እንጉዳይ ለራሱ ቢያበቅል፣ ቢወስድ፣ ሳይሸጥም ለሌላ ቢሰጥ እንዳይከሰስ ወስኗል። በ2023 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ የሚበቅልበት ቦታ ከ12 ጫማ በ12 ጫማ እንዳይበልጥና እንዲቆለፍ አዘዘ። የእኔ የልብስ ቁም ሣጥን የዚያን ሩብ አይሆንም፤ ቁልፍም አልነበረውም። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ግን ይኸው እንጉዳይ በ1970 ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ተጻፈ። ዜጋ ያልሆነን ሰው የሚዳኘው ያኛው ሕግ ነው። ባልደረባዬ ለሚስቀበት ነገር እኔ መኖሪያ ፈቃዴን ላጣ እችል ነበር። ስሜ እዚህ ያልተጻፈው ለዚህ ነው። የዜግነት ማመልከቻዬንም ሞልቼ ከመሳቢያ ውስጥ አሳደርሁት፤ ያሳደርሁት ሳይነጋለት ሁለት ዓመት ሆነው።

*

ማብቀሉን ግን ወደድሁት። ከመውሰዱ ይልቅ እሱን ወደድሁት ብል ይቀለኛል። በ2023 መጸው አንድ የላስቲክ ሳጥን በቁም ሣጥኔ ውስጥ ተቀመጠ። ለሳምንታት ምንም የለም። ከዚያ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነጭ ነገር እህሉን ቀስ እያለ ያለብሰዋል። ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የማየው እሱን ሆነ። እናቴ የጤፍ ሊጧን ስታቦካ ክዳኑን ከፍታ የምታሸትበት፣ እርሾው መነሣቱን በጆሮዋ የምትሰማ የሚመስልበት ነገር ትዝ አለኝ፤ እኔም ክዳኑን ከፍቼ አሸት ጀመር። ዝናብ የዘነበበት አፈር ይሸታል። አንድ ጊዜ አረንጓዴ ሻጋታ ገብቶበት ሁሉንም አጠፋብኝ፤ ያለ ቅጥር ውሻ እንደ ሞተበት ሕፃን ከፋኝ። ከፋኝ! አንድ ነገር ከከፋኝ ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር?

ማስታወሻ ደብተር ያዝሁ። የወሰድሁበትን ቀን በቀይ፣ ያረፍሁበትን በሰማያዊ፤ ከጎኑ ቀኑ እንዴት እንደ ዋለ። በእውነት ተሻለኝ። ጠዋት ጠዋት ወደ ቼሪ ክሪክ ውሃ ማጠራቀሚያ መሄድ፣ ለእናቴ መደወል ጀመርሁ። ከሦስት ወር በኋላ ግን ደብተሩን ስገልጥ ጥሩ ከተባሉት ቀናት መካከል ሰማያዊዎቹ ከቀዮቹ አያንሱም ነበር። በዚያው ሰሞን በ2021 የታተመ አንድ የለንደን ጥናት አነበብሁ። 191 ሰዎች የየራሳቸውን እንክብል አዘጋጅተው፣ ከፊሉን ባዶ አድርገው፣ የትኛውን እንደሚውጡ ለራሳቸው እንዳያውቁ አቀላቅለው ነው የሞከሩት። እንጉዳዩን የዋጡት ተሻላቸው፤ ባዶውን የዋጡትም ተሻላቸው። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን በአብዛኛው የዋጡትን በትክክል ከመገመታቸው የመጣ መስሎ ታየ። ታዲያ እኔን ያዳነኝ የቱ ነው? እንጉዳዩ ነው? ሳጥኑ ነው? አንድ የሚጠብቀኝ ነገር ያለበት ቤት መግባቴ ይሆን? መልስ አላገኘሁም፤ መውሰዱንም አላቆምሁም።

*

እናቴ ከደሴ የመጣችው በሐምሌ 2024 ነው። ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ገባ። አሜሪካ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ባገኘቻቸው ሴቶች ቤት የእንጉዳይ ጥብስ ቀምሳ፣ ዕድሜ ልኳን የጅብ ያለችውን ነገር የጾም ሥጋ ብላ ተቀብላው ነበር። እኔ ይህን እንደ ቀልድ ሰምቼ ስቄ አለፍሁ።

በጾሙ በአምስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ሽንኩርት ሲቁላላ ደረጃው ላይ ሸተተኝ። ምድጃው አጠገብ የእኔ ብልቃጥ ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል። ሰሌዳው ላይ የደረቀው እንጉዳይ ተከትፏል።

«ልጄ፣ የጾም ቋንጣ እያለህ ሳትነግረኝ? ከልብስህ መካከል ነው ያገኘሁት። ፍርፍር ልሠራልህ ነው» አለች።

እናቴ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። በብልቃጡ ውስጥ የነበረው የብዙ ወራት ድርሻዬ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ድስት። ሰሌዳውን እንዳለ አንሥቼ ገንዳው ውስጥ ገለበጥሁት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ቀምሰሻል?»

«በጾም በሰባት ሰዓት ምን እቀምሳለሁ? ምን ሆነሃል አንተ?»

ውሸት ላዘጋጅ ሞከርሁ፤ አልመጣልኝም። ነገርኋት። ስለ ጫማው፣ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ሳጥኑ። የማልችለውን ቃል ሁሉ በአማርኛ እየፈለግሁ ነገርኋት። ምድጃውን አጥፍታ ተቀመጠች። ቁጣዋን ስጠብቅ ቆየሁ፤ አልመጣም። ከብዙ ዝምታ በኋላ፣ «ድምፅ ይሰማሃል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጥያቄው እንግዳ ሆነብኝ። «የምን ድምፅ?»

«ሌላ ሰው የማይሰማው።»

«አይ፣ እማዬ። አይሰማኝም።»

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ለጥቂት ጊዜ ቆየች። ከዚያ፣ «ወንድሜ ሱዳን አልሄደም» አለች።

በ1971 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። መጀመሪያ ማታ ማታ ብቻውን ማውራት ጀመረ፤ ቀጥሎ ሬዲዮው ስሜን ይጠራል አለ። አያቴ ጠበል ወሰዱት። እናቴ ስንቅ እያደረሰች ስምንት ወር ተመላለሰች። እንዳይጠፋ በሰንሰለት ታስሮ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ደህና ሆኖ፣ «እህቴ፣ ይኸን ፍቺልኝ፣ እግሬን አሳከከኝ» ይላት ነበር። በክረምቱ አንድ ሌሊት ሰንሰለቱን አምልጦ ሄደ። ወንዙ ሞልቶ ነበር።

«አባቴ ለሰው ሱዳን ሄዷል በሉ አለ። ያን ጊዜ የሁሉም ልጅ የሆነ ቦታ ሄዷል። ማን ይጠይቃል? እኛም ስንለው ስንለው ኖርን። እኔ እንኳ አንዳንዴ ደብዳቤ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።»

አንባቢ ሆይ፣ ያነበብኋቸው ጥናቶች ሁሉ በመግቢያቸው የሚያስጠነቅቁት አንድ ነገር ነበር፤ በቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ወደ ሙከራው አይገባም፤ እንጉዳዩ የተኛውን ሊቀሰቅስ ይችላልና። ይህን መስመር እኔን እንደማይመለከት አድርጌ ስንት ጊዜ ዘልዬዋለሁ። እናቴም በበኩሏ፣ ከስልኩ ማዶ ድምፄ ሲዝል በሰማች ቁጥር ወንድሟን ስትሰማ ኖራለች፤ ልትጠይቀኝ ፈርታ፣ «ብርድ ነው የኔ ልጅ፣ ልበስ» ትለኝ ነበር።

*

በማግሥቱ ሳጥኑን አወጣሁ። እናቴ ግን እንዲጣል አልፈቀደችም፤ በበረኪና ሦስት ጊዜ አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። አሁን ጤፍ አለበት።

ለሐኪሟ ደወልሁ። በቀጠሮው ዕለት እናቴ አልቀርም ብላ አብራኝ መጣች። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ መጠይቁን እንደገና ሰጡኝ። የቤተሰብ ታሪክ የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ነገር ግን የቆምሁበትን ዐወቀች።

«ስሙንም ይጠይቃሉ?» አለችኝ።

«አይ፣ ስም አይጠይቁም።»

«ይሁን። ጻፈው።»

ከሣጥኗ ውስጥ ምልክቱን አደረግሁ። ከጎኑ ባለው ክፍት ቦታ ላይ ደግሞ የአጎቴን ስም ከነአባቱ በአማርኛ ጻፍሁት። ነርሷ ወረቀቱን ተቀብላ አገላበጠችውና ይህ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ስነግራት እናቴ የወረቀቱን ጫፍ ይዛ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ከፊደሎቹ አንዱን ተሳስቻለሁ ትለኝ ነበር።