ለካሜራ የተሠራ ጥሩር ለዓመታት ሲለበስ

ፎቶውን አይታችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ ሁሉ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ በሰፊው ልጻፈው። አዎ፣ ነጩን ጥሩር ለብሶ ከልጆቹ መሀል የቆመው እኔ ነኝ። ልብሱ በስታር ዎርስ ፊልም የክፉው ንጉሠ ነገሥት ወታደሮች፣ ስቶርምትሩፐሮች፣ የሚለብሱት ነው። «ስንት ገዛኸው?» ላላችሁኝ፣ ተሠርቶ ያለቀ አልገዛሁም። ቅርጽ የወጣለትን ጥሬ ፕላስቲክ አስመጥቼ፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ቤቴ ምድር ቤት ውስጥ ቆርጬ፣ አጣብቄና በቁመቴ ልክ አስተካክዬ ሠራሁት። ፕላስቲኩ፣ ጫማው፣ ጓንቱ፣ ቀለሙና ማሰሪያው ሲደመር ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። ብዙ ሰው የሚደነግጠው በዚህ ገንዘብ ነው። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው፦ ይህ ልብስ መጀመሪያ ሲሠራ አንድ ፊልም ተቀርጾ እስኪያልቅ ብቻ እንዲቆይ ነበር የታሰበው። ዕድሜ የሰጡት ፊልሙን የወደዱ ተራ ሰዎች ናቸው። መጻፍ የምፈልገው ስለዚህ ዕድሜ ነው።

ከሥሩ ልጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው ስታር ዎርስ ለሕዝብ የታየው በ1977 ሲሆን፣ ቀረጻው የተጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በቱኒዚያ ነው፤ ከዚያም እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ኤልስትሪ ስቱዲዮ ተሻገረ። የወታደሮቹን መልክ መጀመሪያ በቀለም ያሳየው ሠዓሊው ራልፍ ማኳሪ ነው። የአልባሳቱ ኃላፊ ጆን ሞሎ በዚህ ፊልም ኦስካር ተሸልሟል። የአካሉን ጥሩር የቀረጸው ብራያን ሚዩር ሲሆን፣ የራስ ቁሮቹን በፕላስቲክ ያወጣው ደግሞ ለንደን አጠገብ ትዊክናም ውስጥ ይሠራ የነበረው አንድሩ ኤይንስዎርዝ ነው። የአሠራሩ ዘዴ ቫክዩም ፎርሚንግ ይባላል። ስስ የፕላስቲክ ገበታ እስኪለሰልስና እስኪረግብ ድረስ ይጋላል፤ ከዚያ በፎርማው ላይ ይዘረጋና ከሥሩ አየሩ ሲመጠጥ ልክክ ብሎ ይቀመጣል። ሲቀዘቅዝ ያንኑ ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ፈጣን ነው፤ ርካሽም ነው። የጥድፊያ ሥራ ለነበረበት ፊልም ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረም።

ጥድፊያው በልብሱ ላይ ይታያል። የራስ ቁሩ ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። ጉንጩ ላይ ያሉት ሰማያዊ መስመሮች በእጅ የተሳሉ ስለሆኑ አንዱ ወፍሮ ሌላው ይቀጥናል። ከወገብ በስተኋላ የሚንጠለጠለው የቦምብ መልክ ያለው ነገር ግራጫ የቧንቧ ቁራጭ ነው። ወታደሮቹ የያዙት መሣሪያ ስተርሊንግ ከሚባለው የእንግሊዝ ጦር መሣሪያ ተለውጦ የተሠራ ነው። ፊልሙ ውስጥ አንዱ ወታደር በር ሲያልፍ ግንባሩ ይጋጫል፤ በዚያ ቁር ውስጥ ሆኖ ማየት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለብሶ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። ካሜራ ግን ይህን ሁሉ ያልፈዋል። ወታደሩ በጭስ መሀል ሮጦ ካለፈ ማን ጠጋ ብሎ ያየዋል?

እኛ ልብሱን ቤታችን የምንሠራ ሰዎች ግን ጠጋ ብለን እናያለን። ስንሠራም እነዚያን መዛባቶች አናቃናም። ከፊልሙ ምስል ጋር እያስተያየን፣ የጠመመውን እንደጠመመ፣ የወፈረውን እንደወፈረ እንተወዋለን። ኮምፒውተር ላይ ግራና ቀኙን ፍጹም እኩል አድርጎ ማተም ዛሬ ቀላል ነው፤ የሚያደርጉም አሉ። እኔ አልወደውም። ያ መዛባት የሰዎች እጅ ያረፈበት ቦታ ነው፤ ሲስተካከል የነሱ ሥራ መሆኑ ይጠፋል።

በነገራችን ላይ ይህ የራስ ቁር እስከ እንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ኤይንስዎርዝ ከዓመታት በኋላ ቁሮችን እየሠራ መሸጥ ሲጀምር የፊልሙ ኩባንያ ሉካስፊልም ከሰሰው። ፍርድ ቤቱ በ2011 በሰጠው ውሳኔ ቁሩ በሕግ ዓይን ቅርጻ ቅርጽ አይደለም፣ ለፊልሙ ሥራ የተዘጋጀ ዕቃ ነው አለ። በሕጉ አልከራከርም። እንደ ሠሪ ግን ውሳኔው ልክ መስሎ ይታየኛል። ሥራ ላይ የሚውል ነገር ነው፤ ሥራ ላይ የሚውል ነገር ደግሞ ያረጃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጠገናል።

ጥሬው ዕቃ ሲመጣ ሳጥኑ ውስጥ የሚገኘው ዳርዳሩ ያልተቆረጠ ነጭ ቅርፊት ነው፤ ክንድ ይሁን ባት ለመለየት እንኳ ያስቸግራል። ፕላስቲኩ አብዛኛውን ጊዜ ኤቢኤስ የሚባለው ነው፤ ውፍረቱ ሁለት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ክንዱም፣ ባቱም፣ ታፋውም ፊትና ኋላ ሁለት ሁለት ግማሽ ናቸው። ጠርዝ ለጠርዝ ይገጥሙና በመጋጠሚያው ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ጥብጣብ ይለጠፍባቸዋል። አዲስ ጀማሪ ሁሉ ቶሎ የሚደርቅ ሙጫ ያምረዋል። የቆዩት ሰዎች ግን ኢ-6000 የሚባለውን ዝግተኛ ሙጫ ይመክራሉ። በመቆንጠጫና በማግኔት ተይዞ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ሽታው ከባድ ስለሆነ መስኮት ከፍቶ መሥራት ግድ ነው። ከደረቀ በኋላ ግን የመተጣጠፍ ባሕርይ ስላለው ሰው ሲራመድበት አይፈነከትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በትዕግሥት ከላጡት ይላቀቃል። ሰው ይከሳል፣ ይወፍራል፤ የዘንድሮው ልክ ለከርሞ ላይሆን ይችላል። ነገ መፈታት እንዲችል አድርጎ ማጣበቅ የዚህ ሙያ ትልቁ ብልኃት ነው እላለሁ። የፊልሙ ሠራተኞች ይህን ማሰብ አላስፈለጋቸውም፤ እኛ ግን ያለሱ አንዘልቅም።

ከውጭ የማይታየው ማሰሪያም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ በውስጥ በኩል በናይለን ጠፍር፣ በላስቲክና ተጭነው በሚዘጉ የብረት ቁልፎች ይያያዛል። የደረቱና የጀርባው ክብደት ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ታፋው ከወገብ ይንጠለጠላል። ሚዛኑ ካልተጠበቀ እንደ በቅሎ ጭነት ነው፦ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ጀርባ ይልጣል። አለባበሱም ቅደም ተከተል አለው። ጫማና ባት መጀመሪያ ነው፤ ደረቱ ከታሰረ በኋላ ጎንበስ ማለት የለማ! መቀመጥም እንደልብ አይደለም። ሰው ሳያግዝ በደንብ ለብሶ የሚወጣ ብዙ አላየሁም።

አሁን ወደ ጥገናው። ስንጥቅ የሚጀምረው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከሹል ማዕዘን ነው። ስለዚህ ሲቆረጥ ውስጠኛው ጥግ ሁሉ ክብ መደረግ አለበት፤ ጠርዙም ሥጋ እንዳይቆነጥጥ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ያም ሆኖ በወገብ ጎን፣ በባቱ ኋላ፣ ሰውነት በሚተጣጠፍበት ቦታ ሁሉ ከጊዜ በኋላ መሰንጠቁ አይቀርም። ስንጥቅ ሲታይ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ያኔ ወደፊት መሄዱን ያቆማል። ቀጥሎ በውስጥ በኩል የፕላስቲክ ድጋፍ ይለጠፍበታል። በመጨረሻ ክፍተቱ በሊጥ ይሞላል። ሊጡ ከየት ይመጣል? ገና ስንሠራ ከቆረጥነው ከራሱ ከልብሱ ትርፍራፊ። ኤቢኤስ አሴቶን የሚባለው ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ይሟሟል፤ ቁርጥራጩን በጠርሙስ አሴቶን ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር በቂ ነው። ሊጡ ተቀብቶ ሲደርቅ አሴቶኑ ተንኖ ፕላስቲኩ ብቻ ይቀራል፤ ተፍቆና ተወልውሎ ከቀድሞው ጋር አንድ ይሆናል። ነጭ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ አይደለምና የሌላ ሰው ትርፍራፊ አይመሳሰልም። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሠሪ ከቆረጠው አንዲት ቁራጭ እንኳ የማይጥለው። እኔም በላስቲክ ከረጢት ሞልቼ አስቀምጫለሁ፤ ከልብሱ እኩል እጠብቀዋለሁ።

ያው አሴቶን ታዲያ በጽዳት ጊዜ ጠላት ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያለበት ጨርቅ አንድ ጊዜ ቢነካው ወዙን ይገፈዋል። ለብ ያለ ውኃ፣ ቀላል ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። የፀሐይ ብርሃን በረጅም ጊዜ ነጩን ቢጫ ያደርገዋል፤ በበጋ የተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ በአንድ ከሰዓት ብቻ ፕላስቲኩን ሊያጣምም፣ ሙጫውንም ሊያላላ ይችላል። ላብ ያረፈበት ማሰሪያ እርጥብ እንዳለ ሳጥን ውስጥ ከተከተተ ይሻግታል፤ የብረት ቁልፎቹም ይዝጋሉ። ስለዚህ ማታ የቱንም ያህል ቢደክም ልብሱ ተዘርግቶ አየር ሳያገኝ አይተኛም። ከሥር የሚለበሰው ጥቁር ልብስ ይታጠባል፤ የቁሩ ውስጥ ስፖንጅ ወጥቶ ይጸዳል። ማንም የማያጨበጭብለት ሥራ ይህ ነው። ልብሱን ለሚቀጥለው ጊዜ የሚያደርሰውም ይኸው ነው።

ስለ ቁሩ ሳነሳ አንድ ነገር ላውጋችሁ። የታመሙ ልጆችን ልንጎበኝ ልብሱን ለብሰን ሕፃናት የሚታከሙበት አንድ ሆስፒታል ቆመን ሳለ አንዲት አገር ልብስ የለበሱ እናት የልጅ ልጃቸውን በአማርኛ «አይዞህ አቡሽ፣ ሰው ነው» እያሉ ሲያባብሉት ሰማሁ። ቀስ ብዬ «አዎ እማማ፣ ሰው ነኝ፤ ሐበሻም ነኝ» አልኳቸው። ክው ብለው ቀሩ። ከዚያ ወደኔ ጠጋ ብለው «በሞትኩት! ልጄ፣ እዚያ ውስጥ አየር ታገኛለህ?» አሉኝ። ስለዚህ ልብስ ከተጠየቅኩት ሁሉ የሳቸውን ያህል ዋናውን ነገር የነካ ጥያቄ አላጋጠመኝም። መልሱ እነሆ። ቁሩ ውስጥ በባትሪ የሚሠሩ ትንንሽ ቬንቲሌተሮች አሉ፤ የሚያስገቡት አየር ፊትን ያቀዘቅዛል፣ የዓይኑ መስተዋትም በትንፋሽ እንዳይጋረድ ያደርጋል። ባትሪው ካለቀ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ምንም አይታይም። ስለዚህ ከመውጣት በፊት የሚፈተሸው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ለምን ይህ ሁሉ ድካም? መልሱን ያገኘሁት እንዲህ የሚለብሱ ሰዎች ካቋቋሙት ማኅበር ታሪክ ነው። በ1997 አሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ አልቢን ጆንሰንና ቶም ክሩስ የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች (ተዋናዩ ቶም ክሩዝ አይደለም) 501ኛው ሌጌዎን የሚባል ማኅበር መሠረቱ። ጆንሰን በመኪና አደጋ ሳቢያ አንድ እግሩን ያጣ ሰው ነው፤ ጥሩሩን ሲለብስ የትኛው እግር ሰው ሠራሽ እንደሆነ ማንም አይለይም። ዛሬ ማኅበሩ በብዙ አገሮች ከ10 ሺህ በላይ አባላት አሉት። አባል የሚሆነው 18 ዓመት የሞላውና ልብሱ ከፊልሙ ጋር በፎቶ ተመርምሮ ያለፈለት ሰው ነው። ለሚሰጡት አገልግሎት ገንዘብ አይቀበሉም፤ መስጠት የሚፈልግ ለበጎ አድራጎት እንዲሰጥ ይጠይቃሉ። የጆንሰን ልጅ ኬቲ በአንጎል ካንሰር ስትታመም፣ በፊልሙ ውስጥ አር2-ዲ2 የሚባለው ሮቦት እንደሚጠብቅ ሁሉ እሷንም የሚጠብቃት እንዲኖር ተብሎ፣ ሮቦት መሥራት የሚወዱ ሰዎች ሮዝ ቀለም ያለው አር2-ኬቲ የሚባል ሠሩላት። ኬቲ በ2005 አረፈች። ሮቦቱ ግን እስከ ዛሬ የታመሙ ልጆችን ይጎበኛል፤ በ2015 በወጣው የስታር ዎርስ ፊልም ውስጥም ታይቷል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ጥገናውን የማየው በሌላ ዓይን ነው። ሆስፒታል የተኛ ልጅ ሊያየው የሚገባው ከፊልሙ የወጣውን እውነተኛውን ወታደር ነው። ክንዱ ላይ የተላቀቀ ማሰሪያ ከተንጠለጠለ፣ ጉልበቱ በፕላስተር ከተጠቀለለ፣ ልጁ ያየዋል። ልጆች ሁሉንም ያያሉ። ስለዚህ አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጉብኝት ሙሉ ቅዳሜን ሰጥቶ ስንጥቅ መሙላት ለኔ ተገቢ ዋጋ ነው።

አሁን አደራዬን ልንገራችሁ። በሰልፍ ላይ ወይም በሆስፒታል እንዲህ የለበሰ ሰው ካጋጠማችሁ ከፊት ለፊቱ ቅረቡት፤ ከጎንና ከታች አያይም። ትንሽ ልጅ እግሩ ሥር ካለ ያዙት። በልጆች ፊት ቁሩን እንዲያወልቅ አትጠይቁት። ልጃችሁ ከፈራ ለፎቶ ብላችሁ አታስገድዱት። አጠገቡ ጥሩር ያልለበሰ ሰው ታያላችሁ፤ መንገድ የሚመራው እሱ ስለሆነ ጥያቄ ካላችሁ እሱን አናግሩት። ሙቀት ከሆነ ደግሞ ውኃና የመጠጫ ቀሰም ስጡት። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁ፣ ራሳችሁ መሥራት ካማራችሁም ጻፉልኝ፤ መቁረጫው፣ መቆንጠጫውና ጠረጴዛው አለ፣ የመጀመሪያውን ክንድ አብረን እንሠራዋለን።