እንዶድና ወረቀቱ

ልጅ ሳለሁ ፃግብጂ እናቴ ነጠላዋን የምታጥበው በእንዶድ ነበር። ደረቁን ፍሬ ወቅጣ ስትዘፈዝፍበት ወንዙ ዳር ነጭ በነጭ ይሆናል። ከታች ያለውን ውሃማ ማን ዞር ብሎ ያያል?

ዶክተር አክሊሉ ለማ አዩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ውስጥ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያው ናቸው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ወረቀት ነው፤ ሙከራ፣ ሪፖርት፣ ደብዳቤ። እዚህ የተሠራውን ምርምር ውጭ ያሉት ቶሎ አላመኑትም። በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው።

ይህን ለእናቴ ባነብላት፣ «እሳቸውስ ይባረኩ፤ ያጥቡ የነበሩት ማን ማን ይባላሉ ልጄ?» አለችኝ።

ገጹን መልሼ ገለጥኩት። «ሴቶች» ይላል።