ሟቹ በቆመበት ቦታ ማን ይቁም?

ሊንኪን ፓርክ የተባለው የሮክ ባንድ ዘፋኙ ከሞተ በኋላ እንደገና ሲሰባሰብ የተነሣው ጭቅጭቅ፣ እኔ እዚህ ኩዌት፣ አሕመዲ የምሠራበት ቤት ድረስ ገብቷል። የአሠሪዬ የባባ ልጅ «ቼስተር ከሌለ ሊንኪን ፓርክ የለም» ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። እህቱ ደግሞ መኪና ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ የምትከፍተው የአዲሷን ዘፋኝ ዘፈን ነው። እኔ መሪ ጨብጬ እስከ ኩዌት ሲቲ የሁለቱንም ክርክር እሰማለሁ። ሮክ ያደግኩበት ሙዚቃ አይደለም። ግን ሰማሁ ሰማሁና ነገሩ የለቅሶ ነገር ሆኖ አገኘሁት፤ የለቅሶ ነገር ከሆነ ደግሞ እኛም የምንለው አለን።

ለማያውቁት በአጭሩ ልንገር። ዘፋኙ ቼስተር ቤኒንግተን እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2017 በ41 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 27 ጓደኞቹ ሎስ አንጀለስ ሆሊውድ ቦውል ላይ የመታሰቢያ ኮንሰርት አዘጋጁ። «ነምብ» የተባለው ዘፈን ተራ ሲደርስ መድረክ ላይ ማንም አልዘፈነም። ባንዱ ሙዚቃውን ተጫወተ፤ ማይክራፎኑ መብራት በርቶበት ብቻውን ቆመ፤ ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር ሕዝቡ አወጣው። ከዚያ በኋላ ባንዱ ዝም አለ። የተመለሰው ሴፕቴምበር 5 ቀን 2024 ነው፤ ቼስተር ከሞተ ሰባት ዓመት ከወር ተኩል ቆይቶ።

ሰባት ዓመት የሚለው ጆሮዬን ያዘው። በእኛ ሥርዓት ለሟች ሰልስት አለ፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያለ ይሄድና ሰባት ዓመት ላይ ይደርሳል። የካሊፎርኒያ ልጆች ይህን ቆጥረው ተመለሱ አልልም። ግን ሰባት ዓመት ቆይቶ ወደ ሥራው የተመለሰን ሰው እኛ አገር «ቶሎ ረሳ» ብሎ የሚያማ የለም።

ደግሞ ጊዜ ብቻውን መለኪያ አይሆንም። የኤሲዲሲ ባንድ ዘፋኝ ቦን ስኮት የሞተው ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1980 ነው። ባንዱ ብራያን ጆንሰንን ይዞ «ባክ ኢን ብላክ» የተባለውን አልበም ያወጣው በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ነበር። አምስት ወር! በሐሜት ሚዛን ቢታይ ይህ ትልቅ ነውር ነው። ግን አልበሙን ተመልከቱት፤ ሽፋኑ ጥቁር ነው፣ የመጀመሪያው ዘፈን የሚጀምረው በደወል ነው። ልጆቹ ከል ለብሰው ነው የወጡት። ሐዘናቸውን ስላልደበቁ ዓለም አብሯቸው አለቀሰ፣ አልበሙንም ገዛ።

ኩዊኖች ሌላ መንገድ ያዙ። ዘፋኛቸው ፍሬዲ ሜርኩሪ ኖቬምበር 24 ቀን 1991 ካረፈ በኋላ ቤዝ ተጫዋቹ ጆን ዲከን ውሎ አድሮ ከመድረኩ ራቀ። ብራያን ሜይና ሮጀር ቴይለር ግን ቀጠሉ። ኋላ ከአዳም ላምበርት ጋር ሲዞሩ የሁለቱን ስም ጎን ለጎን አስጻፉ፤ «ኩዊን እና አዳም ላምበርት» ተብሎ። መሃል ላይ ፍሬዲ ራሱ በስክሪን ይመጣና ሜይ በጊታር ያጅበው ነበር። የሟቹን ቦታ ሟቹ ራሱ ያዘው ማለት ነው።

እኛ ጋ ይህ ጥያቄ እንዲህ አፍጥጦ ያልመጣው የባንድ ሥራችን ስለሚለይ ይመስለኛል። አይቤክስ፣ ኋላም ሮሃ ባንድ፣ እነ ጆቫኒ ሪኮና ሰላም ስዩም ያሉበት፣ ማሕሙድንም ኤፍሬም ታምሩንም ንዋይ ደበበንም አጅቧል። ካሴቱ ላይ ፊቱ የሚታየው የዘፋኙ ነው፤ ባንዱ ከኋላ ነው። ዘፋኝ ቢያርፍ ባንዱ ሌላ ዘፋኝ ያጅባል። በሮክ ቅርጽ የመጡት ጃኖዎችም ቢሆኑ «ኤርታሌ» የተባለውን አልበማቸውን ሲያወጡ ሁለት ወንድ ሁለት ሴት አራት ድምፃውያን ነበሯቸው፤ ባንዱ በአንድ ጉሮሮ ላይ አልተንጠለጠለም።

ዘፈኑስ? ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 2001 በትንሣኤ ዕለት አረፈ። ከዚያ ወዲህ በፋና ላምሮት የዘፈን ውድድር ላይ ስንት ወጣት የእሱን ዘፈን ይዞ ቀረበ! «የሙት ዘፈን ደፈረ» ያለ ሰው አልሰማሁም። ዳኞቹ የሚሉት ሌላ ነው፤ አስመስለኸዋል፣ አሁን የራስህን ቀለም አሳየን ይሉታል። በእኔ ግምት ለሊንኪን ፓርክም ከዚህ የተሻለ ዳኝነት የለም።

በዚህ ዓይን አዲሷን ዘፋኝ ኤሚሊ አርምስትሮንግን አየኋት። በመመለሻው ቀን አዲሱን ዘፈን የባንዱ አባል ማይክ ሺኖዳ ጀመረው። የመጀመሪያውን ክፍልም አዝማቹንም እሱ ከዘፈነ በኋላ ነው እሷ ወጥታ ሁለተኛውን ክፍል የተቀበለችው። የቼስተር የቆየ ጓደኛ ቀድሞ በሩን ከፈተላት። እሷም ቼስተርን ለመምሰል አልሞከረችም፤ የሴት ድምፅ ነው፣ የራሷ ጩኸት ነው። ድራመሩ ሮብ ቦርደን ደግሞ አልተመለሰም፤ ከለቅሶ ቤት ሁሉም በአንድ ቀን አይነሣም።

የሚቆረቁረኝ የቤተሰቡ ነገር ነው። የቼስተር እናትና ልጁ ቅሬታቸውን በአደባባይ ተናግረዋል። የቤተሰብ ሐዘን ከደጋፊም ከባንድም ይቀድማል፤ ሐዘንተኛ «ጎዳችሁኝ» ሲል ደግሞ አይከራከሩትም። ያም ሆኖ ዘፈኖቹን አብረው የጻፉት፣ አብረው ያረጁባቸው ሰዎች ሥራቸውን ከሟቹ ጋር እንዲቀብሩ መጠየቅ ከባድ ፍርድ ነው።

ስደት ላይ ያለ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። እዚህ አገር ብዙዎቻችን መርዶ የምንሰማው ዘግይቶ፣ በስልክ ነው። «በሰው አገር ብቻዋን እንዳትሰበር» ተብሎ ኮንትራቷ እስኪያልቅ የሚደበቃትም አለች። ሲነገራት ዓርብ ዕረፍት ያለን ፋሃሂል አንድ ክፍል ውስጥ እንሰበሰባለን፤ ቡና ይፈላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሟቹን የማያውቅም ያለቅሳል። ቅዳሜ ጠዋት እሷ ወደ ማዳሟ ቤት፣ እኔ ወደ መኪናዬ። ሥራ ገባች ብሎ አባቷን ረሳች የሚላት ማን ነው?

ስለዚህ ባንዱን በሦስት ነገር ልዳኘው። ሐዘኑን በአደባባይ አዝኗል ወይ? የሟቹን ስም አክብሮ ይዟል ወይ? የመጣው ሰው በራሱ ድምፅ ይዘፍናል ወይ? ለሦስቱም መልሱ አዎ ከሆነ ይጫወቱ። ጥላሁን ከሞተ በኋላ በጥላሁን ዘፈን ስንት ሠርግ ላይ ጨፍረናል! እዮብ መኮንንም በነሐሴ 2005 ናይሮቢ ላይ ካረፈ በኋላ የእሱን ዘፈን ከፍተን ስንት ቀን ተደስተናል። አንድም ቀን እንደ ክህደት ቆጥረነው አናውቅም፤ ለፈረንጆቹም ይኸው ይፈቀድላቸው።